በራጅ ሳይታይ ስም አይወጣለትም

የአጎቴ ነጭ ዱቄት ያስከፈለኝ የሱቄን ጓዳና የሓወልቲ ሰፈር ነጋዴዎችን ሽሙጥ ነበር፤ በኋላ እሳቸውንም ጨመረ። ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ሰው ነበሩ። በሱቄ ጓዳ ነጭ ሸክላ አፈር አቃጥለው በኮስቲክ ሶዳ ይቀቅላሉ፤ የመቀሌን ውሃ የሚያለዝብ፣ ዜኦላይት የሚባል ማዕድን ለመሥራት።

አንድ ሰሞን ውሃዬን በዚያ ዱቄት ባጣራ ማንቆርቆሪያዬ ነጭ ቅርፊት መያዙን ተወ።

"ጋሼ፣ ሠርቷል! ዜኦላይት ብለን እንሽጠው" አልኳቸው።

"ወደይ፣ ልጄ፣ አንተማ ጨውንም ነጭ ነው ብለህ በስኳር ዋጋ ትሸጣለህ። ማዕድንም እንደ አጥንት በራጅ ነው የሚለየው፤ በራጅ ሳይታይ ስም አይወጣለትም።"

ናሙናውን ለራጅ ምርመራ አዲስ አበባ ላኩት።

ውጤቱን ስንጠብቅ ክፉ ሳል ያዛቸው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ጠርጥሮ መድኃኒት ቢያዝላቸው፣ "ራጅ ሳልነሳ?" አሉት። የሆስፒታሉ ራጅ ማሽን ደግሞ ተበላሽቶ ነበር። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው።

"ስሙን ላላወቅኩት በሽታ መድኃኒት አልውጥም" አሉኝ።

ማሽኑ ሳይጠገን ቀበርናቸው።

ጓዳቸው ባዶ ነው። ዕቃ ላስገባ እሄድና በሩን መልሼ እዘጋዋለሁ።

ከአርባቸው በኋላ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ዱቄቱ ዜኦላይት ነው። አጎቴን የገደለው ምን እንደሆነ አልታወቀም።