ዘፈኑ ይቁም፣ ሞተሩ ይሰማ

የአባቴ አስራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ዛሬም ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ናት። ባለቤቴ ልብስ ስታጥብ ባገኘቻት ቁጥር ትጣል ትላለች። አትጣልም። ብረቷን ሳሸታት የሚኤሶ ሙቀትና የቤንዚን ሽታ አብረው ይመጡብኛል።

እህቴ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የተዳረች ዕለት ሹፌሩ እኔ ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። የሙሽራው ወገኖች አዲስ መኪና እንላክ ብለው ነበር። አባቴ ግን፣ ልጄን ከቤቴ የምታወጣት የኔው መኪና ናት፣ ካቃታት በትከሻዬ እገፋታለሁ ብሎ መለሰላቸው። መኪናዋ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የኑህን መርከብ በዕድሜ ብትበልጥ እንጂ አታንስም።

አባቴ በቆላው ሙቀት ሞተሯ እንዳይንኳኳ ብሎ የካንዴላ እሳቱ ዘግይቶ እንዲነሳ አድርጎት ስለነበር አቀበቱ ላይ ጉልበት አጣች። ኤሊ ቀደመችንና ዞራ ታዘበችን። ከዚያም ጭራሽ ቆመች። የሙሽራው አጎት ከኋላ መኪና ወርዶ፣ "ሐጂ፣ ግድ የለም፣ ሙሽራዋን እኛ ጋ እናሳፍራት" አለ።

አባቴ ኮፈኑን ነቅሎ ጣራው ላይ አሰረና በነጭ ጀለቢያው የፊት ጎማው መከለያ፣ ፓራፋንጎው ላይ ጉብ አለ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር ብሎን በዚህችው ቁልፍ አላልቶ በእጁ ጨበጠው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አስነሳና ንዳ። እናንተ ደግሞ ዘፈኑን አቁሙ፣ ሞተሩን ልስማው።"

የሙሽራ አጃቢ ያለ ዘፈን ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ድቤው ዝም አለ። አባቴ ዲስትሪቢዩተሩን በጥቂት በጥቂቱ ሲያዞረው መኪናዋ ትንፋሿ እየተመለሰ፣ አቀበቱን እየነከሰች ወጣች። ሙሽራ በሰርጓ ቀን አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ከኋላ ወንበር፣ ከሻሹ ስር፣ ድምፅ መጣ።

"አባ፣ መንኳኳት ጀመረች። ትንሽ ይመልሱት።"

መለሰው። አጎትየውን በጭስ አጥነን ጭሮ ገባን። የአባቴ እጅ እስከ አንጓው ጠቁሮ ነበርና ልብሷን እንዳያበላሽ በክርኖቹ አቀፋት።

ስንመለስ የሚኤሶ ሜዳ ላይ፣ ያ ሙቀት ውስጥ፣ ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር። አባቴ ሰምቷል፤ እሱ ያልሰማውን መንኳኳት ጂንም አይሰማው። አቁሜ ላስተካክለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"ተወው" አለኝ፣ ወደ ባዶው የኋላ ወንበር ሳይዞር። "ዛሬ ይንኳኳ።"