የአራት ቀን ብርዝ

ሸዋርካብሽ ልጇ አምለሰት ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ የሚያሰክር ነገር እንዳትቀምስ ከልክላለች። የሚኖሩት ሐርጌሳ ነው። እዚህ ከተማ መጠጥ ለማንም፣ በየትኛውም ዕድሜ፣ በቤትም በደጅም ክልክል ስለሆነ፣ የእናቷን ትእዛዝ ማክበር ለአምለሰት ከብዷት አያውቅም።

ሸዋርካብሽ ራሷ ደላንታ ስታድግ ዕድሜዋን የጠየቃት የለም። በአምስት ዓመቷ የድግስ ጠላ ለጎረቤት ስታደርስ መንገድ ላይ ከላዩ ትጎነጭ ነበር፤ ጎረቤትም ጣሳው ለምን እንደጎደለ አይጠይቅም። ሕጉን ያገኘችው በኋላ ነው፤ ደሴ ውስጥ አንድ ግሮሰሪ ብርጭቆ ስታጥብ። «ዕድሜው ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ አይሸጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ባለቤቱ የለጠፈው ከማጠቢያው በላይ፣ ጠጪ በማያየው ግድግዳ ላይ ነው። ያን ወረቀት በየቀኑ ስታነበው የኖረች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ደሴን ስትለቅ ልጇንና ያንን ሕግ ይዛ ወጣች።

«እማ፣ በዚህ ከተማ እኮ ሁሉም ሰው ከሃያ አንድ በታች ነው» ትላታለች አምለሰት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«እንግዲያው ብቻሽን አይደለሽም» ትላለች እናቷ።

ሸዋርካብሽ ጋአን ሊባህ በሚባለው የከተማው ሰፈር ኒሞ ቤት ምግብ ማብሰል ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የመኖሪያ ፈቃዷን በየዓመቱ የምታሳድስላት ኒሞ ናት፤ ከዚያ ቤት ወጣች ማለት ከአገሩም ወጣች ማለት ነው። የኒሞ እናት ሆዮ ማርያን ናቸው። ሆዮ ማለት በሶማልኛ እናት ማለት ሲሆን፣ ሸዋርካብሽም እንደዚያው ትጠራቸዋለች። አሮጊቷ በስደት ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሐርትሼክ መጠለያ በነበሩ ጊዜ የለመዷትን አማርኛ እስካሁን አልረሱም፤ ሸዋርካብሽን ሊገሥጿት ሲፈልጉ በአማርኛ ነው።

በዚያ ዓቢይ ጾም ሆዮ ማርያን ለዑምራ መካ ሄደው ነበር። ማክሰኞ ይመለሳሉ ተባለ። ሸዋርካብሽ ባዶ እጇን ልትቀበላቸው አልወደደችም። በአገሯ እስላም እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብለት ብርዝ ነው፤ ማርና ውሃ፣ ጌሾ ያልነካው። ድግስ ላይ ለእስላም ጎረቤት ጠጅ በስህተት የቀዳ ሰው ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ሰኞ ማታ ጥሩ ማር ገዝታ በጥብጣ፣ አጥልላ፣ በንጹሕ ቢጫ ጀሪካን ከተተችው፤ አቧራ እንዳይነካውም እቤቷ ከምድጃው አጠገብ ካለው ጥግ አስቀመጠችው።

አውሮፕላኑ ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሐሙስ፣ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ተባለ።

ዓርብ ጠዋት አምለሰት ጀሪካኑን አየችው። «እማ፣ ይሄ ነገር ሆዱ ተነፍቷል።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ቅመሺዋ እስቲ።»

«ጾም ላይ ሆኜ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?»

አምለሰት ሐኪም መድኃኒት ስላዘዘላት ያን ሰሞን አልጾመችም። «እኔ ልቅመስልሽ» አለች።

«አንቺ ዕድሜሽ አልደረሰም።»

«ብርዝ አይደል እንዴ? ብርዝ ዕድሜ አለው?»

«የለውም። አንቺ ግን አለሽ። ከማር የተሠራ ነገር አፍንጫሽ እንኳ እንዳይለምድ።»

እንዲህ ሆኖ ብርዙ ሳይቀመስ ወደ ኒሞ ቤት ተጓዘ። አንዷን ጾሙ፣ አንዷን ሕጉ ከለከላት።

ሆዮ ማርያን ከጁምዓ በኋላ ገቡ። ነጭ ለብሰው፣ ቀጠን ብለው፣ ፊታቸው በርቶ። ኒሞና ወንድሟ ዓብዲቃኒ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ዓብዲቃኒ ፖሊስ ነው፤ ቤተሰቡ መካከልም ሲቀመጥ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሆዮ ማርያን ብርጭቆውን ተቀብለው።

«ማርና ውሃ ነው ሆዮ። ባገሬ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው የሚሠራ።»

ጠጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ብርጭቆውን ዘረጉ። ሁለተኛውን እንደጨረሱ ስለ ሐርትሼክ ማውራት ጀመሩ፤ ከዚያ ኒሞ ሰምታው የማታውቀውን የሠርግ ዘፈን በቀስታ ያንጎራጉሩ ጀመር።

«የመካ በረከት ነው» አለች ኒሞ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ሦስተኛው ሲቀዳላቸው ሸዋርካብሽ ወጥ ቤት ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። አማተበችና ከጀሪካኑ ትንሽ ቀድታ ጾሟን ገደፈችበት።

ብርዝ አልነበረም። ምላሷ ላይ ተነሣ፣ ጉሮሮዋን ቆነጠጠ፣ ደረቷ ላይ ሞቀ። የለየለት የደላንታ ጠጅ ነበር።

ዝም ካለች ማንም አያውቅም፤ አሮጊቷ በመንገድ ድካም ይተኛሉ፣ ጀሪካኑ ይታጠባል፣ ፈቃዷም በጊዜው ይታደሳል። ከተናገረች የሚያዳምጣት ፖሊስ ነው። ከሳሎን የሆዮ ማርያን ድምፅ ተሰማ፦ «ኒሞ፣ የውዱእ ውሃ አምጪልኝ፤ የዐስር ሶላት ደርሷል። ይቺን ልጨርስና ልነሣ።»

ሸዋርካብሽ እጇን ሳታደርቅ ገባች። «ሆዮ፣ ይሄን አይጠጡት።»

«ለምን?»

ያቺን ቃል በሶማልኛም በአማርኛም ማውጣት አቃታት። «አድጓል» አለች።

«ማን ነው ያደገ?»

«ብርዙ። ትልቅ ሰው ሆኗል።»

ዓብዲቃኒ ብርጭቆውን ከእናቱ እጅ ወስዶ አሸተተው። አስቀመጠው። «ስንት ቀኑ ነው?»

«ትናንት» ብትል ይበቃት ነበር። «አራት» አለች።

«አባቴ ቴምር ውሃ ውስጥ ያሳድር ነበር» አሉ ሆዮ ማርያን ለራሳቸው። «ሦስት ቀን ካለፈው ይደፋው ነበር።»

«እና ቀመሽው?» አለ ዓብዲቃኒ።

«አሁን ነው የቀመስኩት። ጾም ነበርኩ።»

«ይሄ መዝገብ የሚከፈትበት ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ኒሞ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ለወንድሟ ዘረጋችለት። «ጻፍ እንግዲህ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። «ጠጪ፦ ማርያን። ዕድሜ፦ ሰባ አራት። መጠን፦ ሁለት ብርጭቆ። የመጣችበት፦ ከመካ።»

ዓብዲቃኒ እስክሪብቶውን አየው። እናቱንም አየ፤ የዘፈኑን ሦስተኛ ስንኝ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

«ማርና ውሃ ነው አይደል ያልሽው?» አለ።

«ማርና ውሃ ነበር።»

«ማርና ውሃ» አለ እሱም፣ እንደሚጽፈው ሰው ቀስ ብሎ። ተነሥቶ ጀሪካኑን ራሱ ወደ ጓሮ አወጣውና ሎሚዋ ሥር ደፋው። ሦስት ጊዜ በውሃ ሲያለቀልቀው በመስኮት ይታይ ነበር።

ሆዮ ማርያን አፋቸውን ተጉመጠመጡ። «ያላወቀ አይጠየቅም» አሉ በዚያች አማርኛቸው። «ያወቀች ደግሞ ተናገረች። ፈርተሽ ነበር አንቺ?»

«በጣም፣ ሆዮ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። መካ ሄጄ ኃጢአቴ ስለ ረገፈ የቀለለኝ፣ ልሞትም የደረስኩ መስሎኝ።» ከዚያ ጭንቅላታቸው እስኪረጋ ሶላቱን ለማቆየት ጋደም አሉ። ወዲያው አንኮራፉ።

ሸዋርካብሽ ብርጭቆዎቹን አጥባ ጨርሳ ነጠላዋን ስታነሣ ኒሞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አባዮ ሸዋ» አለቻት፤ ደስ ሲላት እህቴ የምትላት እንዲህ ነው። «ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

«ልምጣ?»

«በጠዋት ነይ። ለእናቴ ሾርባ ትሠሪላታለሽ፤ ራሷን ሳያማት አይቀርም።»