ግርማ የማይበላው ሽሮ

ባለፈው ዓርብ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ምሳ ስንበላ አንዷ ባልደረባዬ ሽሮ ጠቅልላ ወደ አፌ ስታመጣ ሳቄ አመለጠኝ። «ምነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት። ወንድሜ ሰለሞን ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስለ እሱ ላወራ ስጀምር ቃሉ ይጠፋብኛል። በጽሑፍ ይሻል እንደሆነ ልሞክር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ካዛንቺስ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጠርኩ። ባለቤቷን፣ እትዬ ብርቄን፣ የለመነልኝ ሰለሞን ነው፤ ደንበኛቸው ነበር። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ከቂርቆስ በእግሬ ስመጣ አቧራው፣ ፀሐዩ... ማለቴ ጠዋትም ያቃጥላል። ምሳ ሰዓት ላይ የየቢሮው ሰው ለሽሮ ይጋፋል። ሸክላው እየተንተከተከ ሲወጣ የነጭ ሽንኩርቱና የቃሪያው ሽታ በር ላይ ይቀበልሃል። «እንዲህ ያለ የጾም ሽሮ የትም የለም» ይላል ሰው። ምስጋናው የወጥ ሠሪው የግርማ ነበር። እትዬ ብርቄም ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከሽሮው ሌላ አይቀምሱም፤ ሸክላውን ጠርገው ነው የሚነሡት።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አንዴ ጎርሰው ቆሙ።

«ይሄ ቅቤ አለው!»

ግርማ ሳይጠየቅ ወደ እኔ ጠቆመ፤ «የፍስኩን ጭልፋ ለጾሙ የሚያውለው እሱ ነው።» አስተናጋጁ ታደሰም «እኔም አይቻለሁ፣ ዝም ብዬው ነው እንጂ» አለ። ጠዋት ዳቦዬን ያካፈልኩት ታደሰ! እትዬ ብርቄ «ሁለተኛ ብሰማ እዚህ ቤት እንዳላይህ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለሰለሞን ነገርኩት። ካልሲውን እያወለቀ ሰማኝ።

«ግርማ ይጾማል?»

«እንዴ! አጥባቂ ነው።»

«ምሳውን ምን ይበላል?»

አሰብኩ። «ሰላጣ በዳቦ።»

«ታደሰስ?»

«እሱም... ሰላጣ።»

«ሽሮ በነጻ እያለ?» ብሎ ካልሲውን እንደያዘ ሳቀ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ሽሮ አዘዘ። እትዬ ብርቄ ከሸክላቸው ጋር አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሰለሞን አልቀመሰም። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ተነሣ።

«ግርሜ! እጅህ ይባረክ፣ ና ጉረስ!»

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ተው ሶል...»

«በሞቴ እያልኩህ! አፈር ስሆን!»

በሞቴ የተባለበትን ጉርሻ ማን ይመልሳል? ግርማ ግን አፉን ገጥሞ እስከ ግድግዳው አፈገፈገ። ጉርሻው ወደ ታደሰ ዞረ። «ሆዴን አሞኛል» አለና ትሪውን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ያዘ።

እትዬ ብርቄ የጎረሱትን መዋጥ አቃታቸው። «ግርማ፣ ለምንድን ነው የማትጎርሰው?»

«ጾም ስለሆነ...» አለ። ካለ በኋላ ገባው።

«የንስሐ አባቴን ምን እላቸዋለሁ! ጠርጌ ጠርጌ ስበላ!» ብለው ጮኹ። ግርማ «ሰው እንዲወደው ብዬ ነው፣ አንዲት ማንኪያ ናት» እያለ እግራቸው ላይ ወደቀ። ይሄኔ ራሳቸውም ሳቃቸው መጣ። አላባረሩትም፤ እስከ ፋሲካ ፍስኩን ብቻ እንዲሠራ አደረጉ። የጾሙ ወደ እኔ መጣ። እውነቱን ለመናገር የእኔ ሽሮ እንደ ግርማው አልተወደደም።

ከሰለሞን ጋር ወደ ቂርቆስ ስንወርድ «ቢጎርስ ኖሮስ?» አልኩት።

«ያኔማ አንተን እጠረጥር ነበር» ብሎ ማጅራቴን መታ አደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ፊት ለፊት አብሮኝ እየሳቀ ከኋላዬ የሚያማኝ አልጠፋም፤ ቅር ይለኛል፣ ያልፋል። ሰሞኑን የማስበው ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ሁለት ሰው መስክሮብኝ ቤት ስገባ ሰለሞን «አንተ ነህ ወይ?» አላለኝም። የጠየቀኝ ስለ ግርማ ምሳ ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን ላመሰግነው ብዬ... በቃ፣ የለም።