አሳላፊዋ ሳትቀምስ

ትርንጎ እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ የውስጥ ልብሷን ታሻለች። መብራት አላበራችም። ሳሙና ትቀባለች፣ ታሻለች፣ ትጨምቃለች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታያለች፣ መልሳ ትነክራለች። ጣቶቿ ቀልተዋል። እኛ ቤት ሙቅ ውሃ ተቋርጦ አያውቅም፤ ሙቅ ውሃ እያለ በቀዝቃዛ የሚታጠበው ደግሞ ደም ነው። ይህን ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

ኮሪደሩ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ አየኋት። ትርንጎ የልጄ የብርሃነመስቀል ሚስት ናት፤ እኔም ኦስሎ ውስጥ ትሮስተሩድ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው አብሬያቸው እኖራለሁ። ማርገዟን ማንም አልነገረኝም። ሽንኩርት ሲቁላላ መስኮት ስትከፍት፣ የሱሪዋን ቁልፍ ፈትታ በሹራብ ስትሸፍነው አይቼ ነው ያወቅሁት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሁለቱንም ጊዜ ለዘመድ ተነግሮ፣ ስልክ ተደውሎ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ከተባለ በኋላ ነበር የሄደው። ስለዚህ በሦስተኛው አፏን ዘጋች። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም። ሰው ካወቀው አይቆይም ብላ ፈርታለች። እኔም ፍርሃቷን አክብሬ እንዳላየሁ ሆኜ ከረምኩ።

ያን ጠዋት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ብዙ ነው?" አልኳት።

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ዞር ሳትል "ጠብታ ነው፣ እማዬ" አለች።

አዋላጇ ጋ ደወለች፤ እዚህ ዮርድሙር ይሏታል። ስልኩን ስትጨርስ የተባለችውን ነገረችኝ። እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ በራሱ ይቆማል፣ አንዳንዴ አይቆምም። መተኛት አያድነውም፣ መራመድም አይጎዳውም። ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ አልኮል የሚባል በአፍሽ እንዳይዞር፣ ደሙ ከበዛ ቶሎ ደውዪ፣ ነገ ጠዋት በመሣሪያ እናየዋለን ብላታለች።

ሥራ ነበራት። ቅሪ አልኳት። ልብሷን እየለበሰች፣ እቤት ከተቀመጥኩ ሆዴን ሳዳምጥ ነው የምውለው፣ አብዳለሁ አለችኝ። እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። አልተከራከረችኝም። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በሳቅ ትመልሰኝ ነበር፤ አለመከራከሯ ራሱ አስፈራኝ።

ትርንጎን ስለማታውቋት ሥራዋን ልንገራችሁ። ከደሴ ወጥታ በካርቱም በኩል ኦስሎ የገባችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ብዙ ዓመት ማዮርስቱን ያሉ ቢሮዎችን ሠራተኛው ሳይገባ እያጸዳች ማታ ማታ ቋንቋ ተማረች። ቀጥላ የአስጎብኚነት ትምህርት ወሰደች። በዚያ ሁሉ ሩጫ መካከል ለእኔም ጊዜ አላጣችም፤ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። የሳቀችብኝም አንድ ቀን ብቻ ነው፣ "ጰ"ን ገልብጬ እግሯን ወደ ሰማይ ያደረግኋት ቀን።

አሁን ለአንዲት ትንሽ ድርጅት እንግዳ ትመራለች። ጉብኝቱ የግል ነው፤ አንድ ቤተሰብ ወይም ባልና ሚስት ይዛ መጀመሪያ ካቴድራሉን ታሳያለች፣ ቀጥሎ የአገሩ ወይን ወደሚቀመስበት ምድር ቤት ትወስዳቸዋለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ ቤተ ክርስቲያንና መጠጥ በአንድ ቀን እንዴት ይሆናል ብዬ ነበር። "ቤተ ክርስቲያኑን ነው የማስቀድመው" ብላ አፌን ዘጋችው።

የዚያን ቀን እንግዶች የአገራችን ሰዎች ነበሩ፤ ድርጅቱ በአማርኛ የሚያስጎበኝ ከእሷ ሌላ የለውም። አቶ ተክለጻድቅ አዲስ አበባ ውስጥ መጠጥ የሚያከፋፍሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ተናኜ ዝምተኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን አያርፍም። ጉብኝቱን በስጦታ የሰጣቸው ስቶክሆልም ያለው ልጃቸው ነው። ትርንጎ እናቴ ናት ብላ አስተዋወቀችኝ። አቶ ተክለጻድቅ ደስ አላቸው፤ ወይ ጉድ፣ ኦስሎ መጥተን እናትም አገኘን አሉ።

ወይዘሮ ተናኜ የትርንጎን ፊት ትኩር ብለው አዩ። እንዲህ የሚያይ ሰው ያንን ነገር ካወቀው ምን ይሆናል?

ካቴድራሉ የገበያው አደባባይ ላይ የቆመ የሸክላ ጡብ ሕንፃ ነው፤ ጉልላቱ አረንጓዴ የሆነ መዳብ ነው። ትርንጎ ሁልጊዜ ወደ ኋላዋ እየሄደች፣ ፊቷን ወደ እንግዶቹ አዙራ ነው የምታወራው። ያን ቀን ጎን ለጎን ሄደች፣ በዝግታ። ከአምስት ዓመት በፊት በዚያ የሐዘን ሐምሌ፣ አንድ ሰው ብዙ ወጣቶችን በገደለ ጊዜ፣ አደባባዩ በአበባ ተሞልቶ መረማመጃ እንዳልነበረ ነገረቻቸው። ስለ በሩ፣ ስለ ማማው፣ ስለ ጣሪያው ሥዕል ሁሉንም እዚያው ደጅ ላይ አወራችላቸው። ከዚያ በሩን ከፈተችና ራሷ ወደ ጎን ቆመች።

ያኔ ገባኝ። ደም ላይ ያለች ሴት በእኛ ሥርዓት ቤተ መቅደስ አትገባም። እዚህ የሚከለክላት የለም፤ እሷም ታውቃለች። እግሯ ግን እምቢ አላት።

"አንቺስ?" አሏት ወይዘሮ ተናኜ።

"እኔ ዛሬ አልገባም" አለች። ሴት ለሴት ይኸ ይበቃል። ወይዘሮ ተናኜ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

"ተናኜ፣ እዚህ ጫማሽን ብታወልቂ የምትሳለሚው ጉንፋን ነው" አሉ ባላቸው።

እሳቸው ግን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። በር ላይ የቆመው ኖርዌያዊ እግራቸውን አየና አሳለፋቸው። አስጎብኚ ሆኜ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አቶ ተክለጻድቅ ሥዕሉን እያሳዩ ይኸ ማነው፣ ያኛውስ ይሉኛል፤ ቀለሙን ይዩት፣ ዝርዝሩን ትርንጎ ውጭ ታብራራልዎታለች እላለሁ። ሻማ ለኮስኩ። ከንፈሬ የጸለየውን አላስታውስም፤ ዞሬ ዞሬ በሩን ነበር የማየው። በበሩ መስታወት በኩል ትርንጎ ጎንበስ ስትል አየኋትና ልለኩስ የያዝኩት ሌላ ሻማ ከእጄ ወደቀ። ስወጣ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር።

ወደ ምድር ቤቱ በትራም ሄድን። ወንዙ ዳር ባለ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ በጠባብ ደረጃ የሚወረድበት፣ ድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ነው። ከኋላዋ ስወርድ በየደረጃው ክንዷን ልይዝ እየቃጣኝ እተወው ነበር። ብይዛት ሰው ያያል።

ባለቤቱ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ጠበቀን። ትርንጎ ድምፅዋን አስተካክላ ማስረዳት ጀመረች። ይህ አገር ብርድ ስለሆነ ወይን እንደልቡ አያፈራም፤ ስለዚህ ከፖም፣ ከጫካ ፍሬ፣ ራባርብራ ከሚሉት ጎምዛዛ ተክል ይጠምቃሉ። አቶ ተክለጻድቅ ከዘቢብም ከማርም የሚጠመቀውን የሚያውቁ ሰው ናቸውና ዓይናቸው በራ። ሰውየው የመጀመሪያውን ቀዳላቸው። ብርጭቆውን አነሱ፣ አሸተቱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"አይ፣ እንዲህ አይሆንም" አሉ። "አሳላፊ ሳትቀምስ እንግዳ ይጠጣል እንዴ? መርዝ ብታደርጉበትስ?"

ቀልድ ነበር። ድሮ በእኛ አገር አሳላፊ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው፤ እሳቸው ያንን ደግ ወግ ማስታወሳቸው ነው። ኖርዌያዊ እንግዳ ይህን ስለማይጠይቅ ትርንጎ አልተዘጋጀችበትም። ሳቅ ልትል ሞከረች። ሥራ ላይ ስሆን አልጠጣም አለች። በመዳፍሽ ነው እንጂ በጋን መቼ አልኩሽ አሏት። ዛሬ ሆዴን አሞኛል አለች። እንግዲያው መድኃኒቱ ይኸው አሏት። የሚገፏት በደግነት ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መመለሱ ይቀል ነበር። አንዲት ቃል ከእኔ ብትወጣ ነገሩ ያበቃል፤ ያቺ ቃል ግን ትርንጎ ከደሙ እኩል የምትፈራት ናት።

መዳፌን ዘረጋሁ።

"በእኛ ቤት የምትቀምሰው አሮጊቷ ናት" አልኩ።

አቶ ተክለጻድቅ ሳቁ፣ ቀዱልኝ፣ ጠጣሁ። መጠጥ ከቀመስኩ ዘመን አልፏል። የጫካ ፍሬው ጣፋጭ ነበር፤ ራባርብራው ጌሾ የበዛበት ጠላ መሰለኝና ይህንኑ ተናገርኩ። በዚህ በጣም ሳቁ። ትርንጎ ለባለቤቱ ስትተረጉምለት እሱም ሳቀ። በዚህ መካከል ትርንጎ ይቅርታ ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች።

ቆየች። አቶ ተክለጻድቅ ስለ ዝዋይ የወይን እርሻ ያወሩኛል፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማም። እንዳልነሳ መጠጡ ጉልበቴን ይዞታል፤ ብነሳም ምን ብዬ? ወይዘሮ ተናኜ እኔን፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ለትርንጎ ተቀድቶ ያልተነካውን ብርጭቆ አዩ። ቤተ ክርስቲያን የማትገባ ሴት። መጠጥ የማትቀምስ ሴት። አንዱ ለብቻው ሌላ ትርጉም አለው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሉትን ከፊታቸው ላይ አነበብኩት። ተደመረላቸው።

ትርንጎ ተመለሰች። ዓይኗን ፈለግሁ። ጭንቅላቷን ወደ ግራና ቀኝ በጥቂቱ ነቀነቀችልኝ፤ ደም የለም ማለቷ ነበር።

የመጨረሻው የፖም ወይን ነበር፤ ባለቤቱ የሚኮራበት። አቶ ተክለጻድቅ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ብርጭቆውን ይዘው ተነሱ፤ ጠረጴዛውን ዞረው ልክ እንደ ጉርሻ ወደ ትርንጎ አፍ አስጠጉት።

"ይህንንስ ሳትቀምሺ አልወጣም። በሞቴ" አሉ።

ትርንጎ አልሸሸችም። ብርጭቆው ከንፈሯን ነክቶ፣ ዓይኗ ተከፍቶ፣ ደርቃ ቀረች። ሁለቱ እጆቿ ሳታስባቸው ሄደው ሆዷ ላይ አረፉ። በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው ያደግነው። እኔ ግን የሰማሁት ሞት የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ሆድ ፊት፣ ያን ቀን።

"ሞት አይጥሩ፣ ጌታዬ" አልኩ።

ድምፄ ድንጋዩን መትቶ ተመለሰ። ባለቤቱ እንኳ ቋንቋው ሳይገባው ዞረ። አቶ ተክለጻድቅ ቀሉ። በሰው አገር፣ በእንግድነታቸው፣ በአሮጊት መገሠጻቸው አሳዘናቸው፤ ምን አጠፋሁ ሊሉም አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ወይዘሮ ተናኜ ዞረው ሳያዩአቸው ተናገሩ።

"ተክሌ፣ አስቀምጠው። መርዝ ቢሆን አሮጊቷ እስካሁን ትወድቅ ነበር።"

አስቀመጡት። ቀልዱም ተመለሰ፣ ወሬውም ቀጠለ፣ የቀረውን ፖም እሳቸው ጨረሱት።

ውጭ ስንሰነባበት አቶ ተክለጻድቅ ቀድመው ከትራም ማቆሚያው ደረሱ። ወይዘሮ ተናኜ የትርንጎን ጉንጭ ሳሙ። የእኛ ሴቶች እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ምርቃት ያወርዳሉ፤ ማርያም ትቅረብሽ ይባላል፣ ሆድ ይዳበሳል። እሳቸው ከዚህ አንዱንም አላደረጉም። እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙና፣ "ምንም አላየሁም" አሏት።

ትርንጎ ቲ-ባነ በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ትሮስተሩድ እስክንደርስ ፊቷን በመስኮቱ በኩል አድርጋ አለቀሰች። ማታ ብርሃነመስቀል ከአልናብሩ፣ ከዕቃ ማራገፊያው ሲገባ ራሷ ነገረችው። ለምን እስካሁን ደበቅሽኝ አላላትም፤ የሥራ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገቧ ተቀመጠ። በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። እነሱ ገቡ፣ እኔ ኮሪደር ቀረሁ። ሲወጡ ልጄ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነበርና ክፉውን አሰብኩ። ለካ የልብ ምት ሰምቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደሙ ተመልሶ መጥቶ ቆሟል። ይህን ስጽፍ አልተገላገለችም። ሆዷ ከካፖርቷ አልፎ ስለታየ መደበቁ ቀርቷል፤ ጻፊው ያለችኝም ለዚህ ነው። የሕፃን ልብስ ግን አልገዛንም፣ ስምም አናነሳም። ሌሊት ከአልጋዋ በተነሳች ቁጥር እኔም እነቃለሁ፤ ተመልሳ እስክትተኛ ዓይኔ አይከደንም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንግዳ ወዳዶች ናችሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንዲት ሴት ማዕዳችሁ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆዋን ገፋ ብታደርግ፣ ለምን አትበሏት። በሞቴም አትበሏት። ውሃ ስጧትና ወሬአችሁን ቀጥሉ።