የስምንተኛው አልጋ ቁጥር

የቀዶ ጥገና ክፍሉ ታካሚዎች አንጋፋዋን ነርስ «አይቀሬዋ» ይሏታል። ሞት ቢቀር እሷ አትቀርም ለማለት ነው። ቅጽል ስሙን ሰምታለች፤ አልጠላችውም። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ አልጋ ሳታይ አልፋ አታውቅም ይባላል። አንድ ጊዜ አልፋለች፤ ያንን ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ድሮ በየአራት ሰዓቱ እየዞሩ መለካት ነበር። አሁን ታካሚው ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትነክስ መለኪያ መጥታለች፤ የደሙን ኦክስጅንና የልብ ምቱን ሌት ተቀን ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ስክሪን ትልካለች። ወጣቶቹ ስክሪኑ ሲጮህ ይሮጣሉ። አይቀሬዋ ዝም ሲልም ታየዋለች። የእያንዳንዱን ታካሚ ቁጥር እንደ ጎረቤት ሳል ለይታ ታውቃለች።

ስምንተኛው አልጋ ላይ ሆዳቸውን ቀዶ ጥገና የተደረጉ ጡረተኛ ሾፌር ተኝተዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ኦክስጅናቸው ከዘጠና ሁለት ፈቅ አላለም፤ የልብ ምታቸውም ከመቶ አልወርድ ብሏል። ጣታቸውን ባጠፉ ቁጥር ራስጌያቸው ያለው ማሽን ይጮሃል፤ እሳቸውም ይባንናሉ። የሚያስታምሟቸው ታላቅ እህታቸው ምርር ብሏቸዋል።

«ይሄ ነገር ሰው አያሳርፍም እንዴ?» ይላሉ ላገኙት ሁሉ።

ከምሳ በኋላ ጩኸቱ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ዘጠና ስምንት ወጣ፤ የልብ ምት ሰባ አራት።

«ስምንተኛው ተሻላቸው» አለች ወጣቷ ነርስ ደስ ብሏት።

አይቀሬዋን ደስ አላላትም። እንዲህ ባንዴ የሚሻለው ሰው አይታ አታውቅም። እስክሪብቶዋን ጥላ ሄደች።

ሾፌሩ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው ዘግይቶ ይመጣል። እህትየው አንድ እጃቸውን ሹራባቸው ውስጥ ደብቀዋል።

«እማማ፣ እስቲ እጅዎን።»

አወጡት። መለኪያዋ እሳቸው ጣት ላይ ናት።

«ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው ልጄ። እስኪነቃ እኔ ልያዝለት ብዬ።»

መለኪያዋ ወደ ባለቤቷ ጣት ስትመለስ ሰማንያ አንድ አሳየች። የህመም ማስታገሻው ከልክ በላይ አደንዝዟቸው ኖሯል። ኦክስጅን ተከፈተ፣ ሐኪሙ ተጠራ፣ ማርከሻ መርፌ ተሰጣቸው። አመሻሹ ላይ ሾፌሩ መስኮቱን ማን እንደከፈተው እየጠየቁ ይነጫነጩ ጀመር።

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ወጣቷ ነርስ ልትቆጣቸው ስትጠጋ፣ አይቀሬዋ ወደ ጠረጴዛው መልሳት አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ወንድሜን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር» አሉ።

አይቀሬዋ አሁን የምትለውን ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም።

«ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ታካሚ እንቅልፍ ወስዷት አገኘሁ። መቀስቀሱ አሳዘነኝ። ሳልለካት የጠዋቱን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩላትና አለፍኩ። እሷ አልነቃችም። የእርስዎ ወንድም ግን ይኸው እየተነጫነጩ ነው። ይግቡና አጠገባቸው ይቀመጡ፤ መለኪያዋን ግን እንዳይነኩብኝ።»