ጎኑን የማያየው ሯጭ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚያልቀው ፍም ላይ ውሃ ሲፈስ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ወርውሬ የምሮጠው፣ አዳማ ውስጥ ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ወደነበረችው የአባባ ዘውዱ ብረት መቀጥቀጫ ቤት ነበር። አባባ ዘውዱ የጋሪ ብረትና በአቅራቢያችን ላሉት የደራ ገበሬዎች ማረሻ የሚሠሩ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሳቸው ለምን እንደቀሩ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ መጥፋት ስላለበት ሥራ የሚያቆሙት በጊዜ ነበር። ወናፉን ያሳርፉና ፍሙ እስኪደክም ድረስ ለሰፈር ልጆች ያወሩልናል። ያኔ ቤቷ መስኮት ስላልነበራት ከአባባ ዘውዱ የሚታየን፣ ፍሙ የሚያቀላው አገጫቸውና እጃቸው ብቻ ነበር።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሯጩ ተረት። አንድም ቀን «እኔ» ብለው አያውቁም። ግን ግድግዳው ላይ አንድ ያረጀ ባለ ሹል የሩጫ ጫማ ተሰቅሎ ነበር፤ ተረቱ ውስጥ ደግሞ ሯጩ የጫማውን ሹሎች ራሱ ከሚስማር ቀጥቅጦ ይሠራቸዋል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልገንም ነበር። ሯጩ የጎንደር ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደዚህ አገር መጥቶ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ፋብሪካው የስፖርት ቡድን ነበረውና መቶ ሜትር ቢያስሮጡት ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። አሰላ ላይ አሸነፈ፤ ሻሸመኔ ላይ አሸነፈ። ቡድኑ ሲጓዝ ሌሎቹ አራት አራት ሆነው ሲተኙ ለእሱ ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው ሳህን፣ ለብቻው ብርጭቆ ይሰጡት ነበር። እኛ ክብር መስሎን «እንደ ሚኒስትር» እያልን እንደነቅ ነበር። አባባ ዘውዱም አያርሙንም።

«ሯጩ አንድ ሕግ ነበረው» ይሉናል ፍሙን በጉጠት እየነካኩ። «ጎኑን አያይም። መስመር ላይ ሲቆምም ሲሮጥም ዓይኑ መሬት ላይ ነው።»

ከዚያ ወደ መጨረሻው ውድድር ይደርሳሉ። ስታዲየሙ ሞልቷል፤ ያሸነፈ ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣል። ስምንት ሰዎች ተንበርክከዋል፣ ሽጉጡ ወደ ላይ ተነሥቷል። እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ በበሩ አሻግረው ፀሐይዋን ያዩና ጣሳውን አንሥተው ውሃውን ፍሙ ላይ ይደፉታል። ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል።

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«ሰንበት ሊገባ ነው። በሉ ወደ ቤታችሁ።»

እናቴ እዚያ መሄዴን አትወድም ነበር። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር የቤቱ ፍርሃት በሙሉ የወደቀው እሷ ላይ ነው። «ከቤቱ ምንም እንዳትቀምሺ፤ ስትበዪም እንዳያይሽ» ትለኝ ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል የሚለውን ወሬ እሷ አልፈጠረችውም፤ ከእናቷ የተቀበለችው ነው። እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ለትምህርት ቤታችን መቶ ሜትር ስመረጥ መጀመሪያ የነገርኩት ለአባባ ዘውዱ ነበር። «ጎንሽን አትዪ» አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልጨመሩም።

ውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ዓርብ ልምምድ ላይ እያለሁ ትኩሳት ያዘኝና ወደቅኩ። ቤት ሲያደርሱኝ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከደጃፍ ሆና አንዴ አየችኝና «ተበልታለች» አለች። ብርድ ልብስ አከናንበው ቡትቶ ጨርቅና ሥር የሚጨስበትን ገል አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት። ጭሱ ጉሮሮዬን አንቆ አላስተነፍስ አለኝ። እናቴ ታለቅሳለች። እትዬ ብርቄ ጭንቅላቴን ይዛ «ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ» ትለኛለች።

ስለዚያች ቅጽበት ራሴን ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ያስለፈለፈኝ ትኩሳቱ ነው ብያለሁ። አይደለም። ስም እስካልሰጠኋቸው ድረስ ጭሱ እንደማይነሣ ገብቶኝ ነበር፤ የትኛውን ስም እንደሚጠብቁም አውቅ ነበር። «አባባ ዘውዱ» አልኩ። ጭሱ ወዲያው ተነሣልኝ።

ሁለት የሰፈር ወንዶች ሄደው አመጧቸው። ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች፤ እሳቸውም እሳታቸውን አጥፍተው የሰንበት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። ደጃችን በሰው ተሞልቷል፤ ካመጧቸው አንዱ ዱላ ይዟል። አባባ ዘውዱ ሲገቡ ማንንም አላዩም፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ሳያቸው ሯጩ ለምን ጎኑን እንደማያይ ያኔ ገባኝ።

«እንትፍ በልባት፤ ልቀቃት» አለች እትዬ ብርቄ፣ እስከ ትናንት አንቱ ትላቸው የነበረችው።

አባባ ዘውዱ ጎንበስ ብለው ትንፋሼን አዳመጡ። «ወባ ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ አሁኑኑ።»

«መጀመሪያ ትለቃታለህ» አለ ዱላ የያዘው። «ሳትለቃት ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም።»

እናቴን ቀና ብለው ሳያዩ «ልጅሽ እየሞተች ነው» አሏት። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ አባባ ዘውዱ እንዲህ አሉ፤ «እሺ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የያዝኳት። ግን እዚህ አልለቃትም። የምለቃት ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ መድኃኒት ስትቀምስ ነው። ከዘገያችሁ አልለቃትም።»

ለልመናቸው ያልተነሣው ሰው ሁሉ ለፍርሃቱ ተነሣ። ተሸክመው ጋሪ ላይ ጫኑኝ። ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ነው ሲባል ሰማሁ፤ ፈረሱም ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ውሎ እግሩ አልነሣ ብሎታል። ያኔ አባባ ዘውዱ ጫማቸውን አወለቁና ከጋሪው ቀድመው ሮጡ። ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ነጭ ልብሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ በባጃጁና በሰው መሃል ቀጥ ብለው ሄዱ። መንገደኛው ዞሮ ያያቸዋል፤ እሳቸው ማንንም አያዩም። ስንደርስ የጤና ጣቢያውን በር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሊቆልፍ ከመጣው ዘበኛ ጋር ይከራከሩ ነበር።

ነርሷ ደሜን መርምራ ወባ ነው፣ ብታድር ኖሮ ያሰጋት ነበር አለች። እሷን የሰማት የለም። ሰፈሩ የሰማው «አመነ፤ ጤና ጣቢያ ወስደውት ለቀቃት» የሚለውን ነው፤ ወሬው እኔ ሳልመለስ ቤታችን ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአባባ ዘውዱ አንድ ጋሪ እንኳ ያመጣ የለም። ውድድሩ ያለእኔ አለፈ። በወሩ አባባ ዘውዱ ወደ ደራ ሊሄዱ ዕቃቸውን ሲጭኑ ከእናቴ ተደብቄ ሄድኩ።

«ስምዎን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም» አሉና ወናፉን ማሰራቸውን ቀጠሉ።

ዓርብ አልነበረም፤ ፀሐይዋም ገና አናታችን ላይ ነበረች። ፈራ ተባ እያልኩ «ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ሯጩ ሕጉን አንድ ጊዜ ጣሰ» አሉ። «ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ከጎኑ ያለው ልጅ ጭኑን ይዞ ወደቀ። ሲጮህ ሰምቶ ዞሮ አየው። አንደኛ ወጣ። ስታዲየሙ ግን ልጁ ስለወደቀ ሯጩ አየው አላለም፤ ሯጩ ስላየው ልጁ ወደቀ አለ። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጎን መስመር ላይ የሚቆም ጠፋ።»

ጫማውን ከግድግዳው ላይ አወረዱና በብብታቸው ይዘው ጋሪው ላይ ወጡ።

ዛሬም የምኖረው አዳማ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ደራ ሄጄ ፈልጌያቸው አላውቅም። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዓርብ ከሥራ ስመለስ ልጄ የሯጩን ተረት ንገሪኝ ትለኛለች፤ እኔም አባባ ዘውዱ ያዳኑኝን ቀን ጨምሬ እነግራታለሁ፤ ጭሱ ጋ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ዘልዬው አልፍ ነበር። ባለፈው ዓርብ እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ልጄ አለቅም አለችኝ፤ «ሰዎቹ ግን እሳቸው ናቸው ብሎ ማን ነገራቸው?»

«እኔ» አልኩ። «አልበሉኝም ነበር። ጭሱ እንዲነሣልኝ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ፣ «በሕይወት ይኖሩ ይሆን?» አለች።

አላውቅም አልኳት። ደራ ግን ሩቅ አይደለም።