አውድማችንን ለኪየቭ ላሰማ ስል

ጭላሎ ተራራን ይዞ ኪየቭ የገባ ሰው ቢኖር እኔ ከድር ብቻ ነኝ። ከአሰላ በወጣሁባት ምሽት ለሸኚዎቼ ይህንኑ ተናግሬ፣ አኮርዲዮኔን አንግቼ፣ እህል የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ እንደ ጀግና ተሰቀልኩ። ናዝሬት ሳንደርስ አስመለሰኝ።

አዲስ አበባ የፓስፖርቱ ሹም አገላብጦ አየኝ።

«ሩሲያ ምን ልትሠራ?»

«ሙዚቃ ልማር፣ ጌታዬ።»

«በሠላሳ ስምንት ዓመትህ?»

«እኛ አሰላዎች አንቸኩልም።»

የኪየቭን ብርድ አትጠይቁኝ። የበቆጂ ውርጭ እዚያ ቢሄድ ካፖርት ይገዛል። ቦርሽ የሚሉት ሾርባ አላቸው፤ ቀይ ሲሆንብኝ በርበሬ መስሎኝ ሳህኑን በደስታ ጨለጥኩት። ቀይ ሥር! አገሬ የናፈቀኝ ያን ጊዜ ነው።

አስተማሪዬ ኦክሳና ፔትሮቭና የተራሮቻቸውን ጭጋግ በሙዚቃ የጻፉ ሴት ናቸው። ኮንሰርታቸው ላይ ቫዮሊኑ ይፋቃል፣ ዋሽንቱ ይተነፍሳል፤ እኔ መሣሪያ አስተካክለው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። ድንገት ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

«እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው። ዘፈኑ መቼ ይጀመራል?»

አልተቆጡም። «ዘፈን አይደለም፤ ጭጋግ ከጥድ ላይ ሲነሳ ነው። አንተም የአገርህን መሬት ድምፅ ጽፈህ አምጣ። ካላመጣህ በሰኔ ወደ ቤትህ ትሸኛለህ።»

ይኼማ ቀላል ነው አልኩ። አባቴ ስንዴ ሲያበራዩ ለበሬዎቹ የሚዘፍኑት አለ። የጭላሎን ነፋስ ጻፍኩ፤ የገለባውን ኮሽታ ጻፍኩ። የአባቴ ዜማ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ቢቸግረኝ ፖስታ ቤት ሄጄ አሰላ ስልክ አስደወልኩ፤ አባቴን ቴሌ ድረስ አስጠሩልኝ።

«አባባ፣ ለበሬዎቹ የሚሉትን ይበሉልኝ!»

«አብደሃል? ያ ለሰው ይዘፈናል? በሬ ነህ ልበልህ?»

እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ዘንድ ያንን ለሰው መዝፈን ስድብ ነው።

«ለዳለቻ እንደሚዘፍኑ ያስቡት።»

ዳለቻ ግራጫው በሬያችን ነው።

«ዳለቻ ተሸጠ። ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፤ ጭሰኛ አልፈልግም አለን። አውድማውንም አረሰው። አሁን አክስትህ ጓሮ ነው ያለነው።»

«ታዲያ እኔ በሰኔ ከተመለስኩ...»

«የት ትመለሳለህ? እኛም የምንተኛው ተደራርበን ነው። እዚያው ተማር፣ ልጄ። ዜማውን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ አውድማው ላይ አይደል ያደግኸው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኔ እየመጣ ነው፤ ወረቀቱ ባዶ እንደሆነ ነው። አውድማ ላይ አላደግኩም። እህል በተበራየ ቁጥር ቁርጠት ያዘኝ እያልኩ ከእናቴ ጋር ቤት ነበር የምውለው። የአርሲ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጢሜ ሸብቷል፣ በሬ እፈራለሁ።